13ቱ ጎሎች

ለምወድዎ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔም ልጆቹም ደህና ነን። ዛሬ የምጽፍልዎ ይቅርታ ለመጠየቅ ነው።

የኳታሩ የዓለም ዋንጫ ጊዜ ምባፔ 8 ጎል አገባ ብዬ ቤቱን በጩኸት ስሞላው፣ እርስዎ ጋቢዎን ሳብ አድርገው "ፎንቴን የሚባል ፈረንሳዊ በአንድ ዋንጫ 13 አግብቷል" አሉኝ። "አባባ፣ የድሮ ወሬ ሲያድር ይጨምራል" ብዬ ሳቅኩ። እርስዎ ዝም አሉ። ያ ዝምታዎ እስካሁን ይቆረቁረኛል። ሰሞኑን አንብቤ አጣራሁ። እውነትዎን ነው።

ዡስት ፎንቴን የተወለደው ማራካሽ፣ ሞሮኮ ነው፤ እንደ ፈረንጆቹ በ1933። ለዓለም ዋንጫው ስዊድን የሄደው በ1958 ነው። ፓራጓይ ላይ 3፣ ዩጎዝላቪያ ላይ 2፣ ስኮትላንድ ላይ 1፣ ሰሜን አየርላንድ ላይ 2 አገባ። በግማሽ ፍጻሜው ብራዚል 5 ለ 2 አሸነፈቻቸው፤ የ17 ዓመቱ ፔሌ ብቻውን 3 አገባ። ግን እስከዚያ ቀን ብራዚል አንድም ጎል አልገባባትም ነበር። መጀመሪያ ያስቆጠረባት ማን ይመስልዎታል? በመጨረሻም ለደረጃ ሲጫወቱ ምዕራብ ጀርመን ላይ 4 ጨመረ። ያን ዕለት ፔናሊቲ ተገኝቶ ነበር፤ እሱን እንኳ የመታው የቡድን ጓደኛው ኮፓ ነው።

ለዚህ ሁሉ ምን ቢሸልሙት ጥሩ ነው? አንድ የስዊድን ጋዜጣ የአየር ጠብመንጃ ሰጠው። ይህን ቢሰሙ እንደሚስቁ አውቃለሁ።

እኔ ግን ልቤ የቀረው ታኬታው ላይ ነው። ስዊድን እያለ የራሱ ታኬታ ተበላሸበት። እንደ ዛሬው ጫማ የሚያድል ድርጅት የለም። ስቴፋን ብሩዬ የሚባል የቡድኑ ልጅ፣ የእግራቸው ቁጥር አንድ ስለነበር የራሱን አዋሰው። 13ቱም በተውሶ ጫማ! ወዲያው እርስዎ ትዝ አሉኝ፤ ለቀበሌው ቡድን ሲጫወቱ ጫፉን ጨርቅ የጠቀጠቁበት፣ ሁለት ቁጥር የሚበልጥዎ ታኬታ።

ከዚያ በኋላ ያለው ያሳዝናል። በ1960 እግሩ ተሰበረ። ዳነ ሲባል በዓመቱ ደግሞ ተሰበረ። በ28 ዓመቱ ኳስ አቆመ። ለፈረንሳይ 21 ጊዜ ተሰልፎ 30 ጎል አግብቷል፤ ቁጥሩን ተሳስቼ መስሎኝ ሁለቴ አየሁት።

የማህበር ነገር ስለሚወዱ ይህን ልጨምር። ያኔ ፈረንሳይ ውስጥ ተጫዋች አንዴ ከፈረመ እስከ 35 ዓመቱ የክለቡ ንብረት ነበር። ፎንቴን በ1961 ንጆ ሊያ ከሚባል ካሜሩናዊና ከሌሎች ጋር የተጫዋቾች ማህበር አቋቁሞ የመጀመሪያው ሊቀ መንበር ሆነ። በኋላ ሞሮኮን አሰልጥኖ በ1980 የአፍሪካ ዋንጫ ሦስተኛ አስወጥቷታል። በማርች 2023 ቱሉዝ፣ ፈረንሳይ ላይ በ89 ዓመቱ አረፈ።

ወደ ደሴ በሚመጣ ሰው እጅ ጫማ ልኬልዎታለሁ፤ ቁጥሩ 41 ነው። ጉልበትዎን እንዳያምዎ ሶሉ ለስላሳ ነው። ደግሞ እንደ ልማድዎ ለጎረቤት እንዳያውሱት።

እሁድ እደውላለሁ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ይንገሩኝ፤ ያን ታኬታ ያዋስዎት ሰው ማን ነበር? ስንት ጊዜ ሲያወሩልኝ ስሙን አንድም ቀን አላነሱልኝም።

ልጅዎ