ወደ ታምባረም ሲመጡ

ይድረስ ለማከብርዎት አባቴ፣

እንደምን ሰንብተዋል? በስልክ ጀምረን ያልጨረስነውን፣ ወደ ሕንድ፣ በቼናይ ከተማ ደቡብ ዳር ወዳለችው ታምባረም የሚያደርጉትን የጉዞዎን ነገር ይኸው ጻፍኩልዎት። አየር ማረፊያ ራሴ እቀበልዎታለሁ፤ ይህ ግን እኔ ሥራ ስውል ብቻዎን ሲወጡ እንዳይቸገሩ ነው።

በመጀመሪያ ቀኑን። ጥምቀትን ድሬ አክብረው ይነሱ። የዚህ አገር ሰዎች ታሚሎች ፖንጋል የሚሉት የመከር በዓል ጥር 6 አካባቢ ስለሚውል፣ በዋዜማው ቼናይ ሠርቶ የሚያድረው ሕዝብ ወደ ደቡብ አገሩ ይወጣል፤ መውጫው ደግሞ የእኛ ታምባረም ነው። በአየር ማረፊያው ደጅ የሚያልፈው አውራ ጎዳና ታምባረምን አቋርጦ ነው ወደ ደቡብ የሚወርደው። የደቡቡ አውቶቡስ መናኸሪያም እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ከቫንዳሉር ወዲያ፣ ኪላምባካም ላይ ስለተከፈተ ተሳፋሪው ሁሉ በእኛ በኩል ያልፋል። በዚያ ሰሞን መንገዱ ይቆለፋል፤ በዓሉ አልቆ ሰው ሲመለስም እንዲሁ ነው።

ሚያዝያና ግንቦትን አይምረጡ። ሙቀቱ 40 ዲግሪን ያልፋል። የድሬን ሙቀት ለምጃለሁ እንዳይሉኝ፤ የድሬው ደረቅ ስለሆነ ላብዎ ይደርቃል፣ እዚህ ግን በባሕሩ እርጥበት ሰውነት ላይ ይቀርና ልብ ያደክማል። ዝናቡ ደግሞ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2015 መጀመሪያ ላይ ታምባረም በአንድ ቀን 490 ሚሊ ሜትር ያህል ጣለባት፤ የአዲያር ወንዝ ሞልቶ በምዕራብ ታምባረም፣ በሙዲቹር በኩል ያሉትን ቤቶች ውኃ ገባባቸው። በምዕራቡ ወገን ቤት በርካሽ ቢገኝም ከሐዲዱ በስተምሥራቅ የተከራየሁት ለዚሁ ነው።

ባቡሩን እንደሚወዱት አውቃለሁ። እርስዎ ዕድሜዎን የሰጡት የአንድ ሜትር ስፋት ሐዲድ እዚህም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1931 ከቼናይ ቢች እስከ ታምባረም የኤሌክትሪክ ባቡር ሲጀመር በዚያው ስፋት ነው የሄደው። የመጨረሻው የቆመው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው፤ አሁን ሐዲዱ 1,676 ሚሊ ሜትር ነው።

ጠዋት ወደ ከተማ ሲሄዱ ከእኛ በስተደቡብ ካለው ቼንገልፓቱ የሚመጣውን ይተዉት፣ ሞልቶ ይደርሳል። ከታምባረም የሚነሳውን ይጠብቁ፤ ባዶውን ስለሚቀርብ መቀመጫ ያገኛሉ። ከ2 እስከ 4 ሰዓት ግን ባይወጡ እመርጣለሁ። ትኬት በመስኮቱ ይቁረጡ፣ እስኪወጡ ድረስ አይጣሉት። አንደኛ ማዕረግና ተራው ፉርጎ ከውጭ ሲያዩዋቸው ይመሳሰላሉ፤ በተራ ትኬት አንደኛ ማዕረግ የገባ፣ ወይም ሴቶች ፉርጎ የተሳፈረ ወንድ ይቀጣል። በበሩ ላይ የተጻፈውን አንብበው ይግቡ። አየር ማቀዝቀዣ የሌላቸው ባቡሮች በራቸው ክፍት ሆኖ ነው የሚሄዱት፣ ወደ ውስጥ ገባ ብለው ይቁሙ።

ሲመለሱ ብዙ እንግዳ የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። ከአየር ማረፊያው ፊት ለፊት ካለው ቲሩሱላም ጣቢያ ቢሳፈሩ ፓላቫረም፣ ክሮምፔት፣ ታምባረም ሳናቶሪየም፣ ከዚያ ታምባረም ይመጣል። ሦስተኛው ላይ «ታምባረም» የሚል ሰምተው እንዳይወርዱ! ያ እ.ኤ.አ. በ1928 የተከፈተው የሳንባ ነቀርሳ ሆስፒታል ያለበት ነው፤ ዛሬም የመንግሥት የደረት ሆስፒታል ነው። የእኛ አራተኛው ነው።

ከወረዱ በኋላ ሐዲዱን በእግር አያቋርጡ፣ ሌላው ሰው ሲያቋርጥ ቢያዩም። የእግረኛው ድልድይ ላይ ወጥተው በምሥራቁ በኩል ይውረዱ፤ በምዕራቡ ከወጡ የሚያገኙት ዋናውን ጎዳናና የአውቶቡሱን ግፊያ ነው። እኛ ባጃጅ የምንለውን እዚህ አውቶ ይሉታል፤ ዋጋውን ሳይነጋገሩ አይግቡ።

ቤት ውስጥ ከቧንቧ አይጠጡ። የጉድጓዱ ውኃ ጨዋማ ነው፤ የምንጠጣው በ20 ሊትር ጀሪካን የሚመጣውን ነው፣ ሲያስረክብዎ ክዳኑ እንደታሸገ መሆኑን ይዩ። ለስኳርዎ ደግሞ ሻይ ቤት ገብተው «ሰክረይ ኢላማ» ይበሉ፣ ያለ ስኳር ማለት ነው፤ ዝም ካሉ አጣፍጠው ነው የሚያመጡልዎት። ቡናቸው ላይ ብዙውን ጊዜ ቺኮሪ የሚባል ሥር ይቀላቅሉበታል፣ ስለዚህ የሐረር ቡና ሳይቆላ ሁለት ኪሎ ያህል ይያዙልኝ፤ ምጣድና ሙቀጫ እዚህ አለ።

እጅ ነሥቻለሁ፣
ልጅዎ