ወደ ፖይንት ፕሌዛንት ለምትጓዙ አባላት

ውድ አባላት፣

በሴፕቴምበር ሦስተኛው ቅዳሜና እሁድ የምንሄድባት ፖይንት ፕሌዛንት የኦሃዮና የካናዋ ወንዞች የሚገናኙባት የዌስት ቨርጂኒያ ትንሽ ከተማ ስትሆን፣ ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ሞዝማን» ለተባለው ፍጡር በዓል ታከብራለች። ስሙ «የእሳት ራት ሰው» ማለት ነው፤ በእኛ ቋንቋ ከራሱ ከፍጡሩ ይልቅ ያስፈራል።

ነገሩ የተጀመረው በኖቬምበር 1966 ሁለት ጥንዶች በቀድሞው የፈንጂ ፋብሪካ አካባቢ ቀይ ዓይንና ትልቅ ክንፍ ያለው ነገር እንዳዩ በመናገራቸው ሲሆን፣ በማግሥቱ ዓመት፣ ዲሴምበር 15 ቀን፣ በከተማዋ የነበረው የሲልቨር ድልድይ ተደርምሶ 46 ሰዎች በመሞታቸው ሁለቱ ጉዳዮች በሕዝቡ ትረካ ተቆራኙ። የምርመራው ውጤት ግን ድልድዩን ከተሸከሙት የብረት ዘንጎች በአንዱ ላይ የተፈጠረ ስንጥቅ ነው ያለው።

ስለዚህ በ2003 በቆመው የሞዝማን የብረት ሐውልት ሥር እየሳቃችሁ ፎቶ ብትነሡ ማንም አይከፋውም፤ በድልድዩ ሰለባዎች መታሰቢያ አጠገብ ግን እንደ ለቅሶ ቤት ዝግ ብላችሁ እንድታልፉ በትሕትና እንጠይቃለን።

የጉዞው አስተባባሪዎች