ጥቁሮቹን መጻሕፍት ልኬልሻለሁ፤ ማርስ ግን እዚሁ ትቆየኝ

ደብረ ብርሃን፣ ጥር 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ እናትሽም የጥር ውርጭ ጉልበቷን ከማሳመሙ በቀር ደኅና ናት። ከሥራ ባልደረቦችሽ ጋር ቅዳሜ ማታ የምትጫወቱት አንድ የጠረጴዛ ጨዋታ፣ ከተቻለም የማርሱን ሳጥን፣ እንድልክልሽ ጠይቀሽኛል። «አባዬ ደግሞ ከዋክብቱን ዘረጋ» እያልሽ ስትስቂብኝ ያደግሽ ልጅ ይህን መጠየቅሽ እጅግ ደስ አሰኝቶኛል። ይሁን እንጂ ማርስን አልክልሽም፤ በእርሷ ፈንታ ሦስቱን ጥቁር መጻሕፍት ልኬልሻለሁ።

መጻሕፍቱ «ትራቭለር» የሚባል የጠፈር ጉዞ ጨዋታ ሕግ የተጻፈባቸው ናቸው፤ እኔ «መንገደኛ» እላቸዋለሁ። ማርክ ሚለር የተባለ አሜሪካዊ የደረሰው ይህ ጨዋታ የታተመው በ1977 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ እኔ እጅ የገባው እንግሊዝኛ ያስተምር የነበረ አንድ የውጭ አገር ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ ትቶልኝ ነው። የመጫወቻ ሰሌዳም ሆነ ጠጠር የለውም፤ አንዱ ተራኪና ዳኛ ይሆናል፣ ሌሎቹ ደግሞ ከኮከብ ወደ ኮከብ የሚዞር ሰው ሆነው ይጫወታሉ። ሰውየው በ18 ዓመቱ ወደ ባሕር ኃይል፣ ወደ ጦር ሠራዊት ወይም ወደ ንግድ መርከብ ይገባና አራት አራት ዓመት እያገለገለ ሙያ ይቀስማል፤ በየአራት ዓመቱ ግን ሁለት ዳይስ ተጥሎ ዕጣው ከከፋ ይሞታል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ዋናው ጨዋታ ገና ሳይጀመር ነው። በመጀመሪያው ምሽት የአንዱ ጓደኛዬ መርከበኛ በሦስተኛው የአገልግሎት ዘመኑ ሞተበትና «ለቅሶ እንኳ ሳልቀመጥለት?» ብሎ እስከ ቡናው ሦስተኛ ድረስ አኩርፎ ተቀመጠ። ብዙ ሰዎች ይህን ሕግ ጨካኝ ነው ብለው ይተዉታል፤ አንቺ ግን አትተዪው። አራት ዓመት ልጨምር ወይስ በያዝኩት ልውጣ የሚለው ጭንቀት ከጠፋ፣ ሰውየው በወረቀት ላይ የተጻፈ ቁጥር ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን የመልእክቱ ነገር ነው። በዚህ ጨዋታ ውስጥ መርከብ በአንድ ዝላይ ወደ ሌላ ኮከብ ለመድረስ አንድ ሳምንት ያህል ይፈጅባታል፤ ከመርከብ የሚፈጥን ስልክም ሆነ ሬዲዮ ስለሌለ ወሬ ሁሉ የሚደርሰው በመንገደኛ እጅ ነው። አንድ ጊዜ እኔ ተራኪ ሆኜ ሳለ፣ ተጫዋቾቹ ለአንድ ሹም የአደራ ዕቃ ይዘው አራት ኮከብ አቋርጠው ሲደርሱ ሹሙ ከሞተ ወር አልፎት አገኙት፤ ይባስ ብሎም መርዶውን ወደ ኋላ የሚመልሱት እነርሱው ሆኑ። ለደብረ ብርሃን ሰው ይህን ማስረዳት አላስፈለገኝም። አያትሽ መሐል ሜዳ ሳሉ፣ አዲስ አበባ ያረፈ ወንድማቸውን ሁለት ወር ሙሉ በሕይወት አለ ብለው ሲመርቁት ኖረው ነበርና፣ ታሪኩን የጨረስነው ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነው።

ስለ ሌላው የከዋክብት ጨዋታዬ፣ ስለ ትልቁ ሳጥን ስለ «ትዊላይት ኢምፔሪየም»፣ አጭር ነው የምለው። አጎትሽ ከአሜሪካ ሲመጣ የሻንጣውን ግማሽ ወስዶበታል፤ ከሦስት እስከ ስድስት ሰውና አንድ ሙሉ ቀን ይፈልጋል፤ እኔም እስከ ዛሬ የተጫወትኩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። የገዛሁት ለመደርደሪያው ጌጥ መሆኑን ለእናትሽ አትንገሪያት።

ወደ ማርስ ልመለስ። «ቴራፎርሚንግ ማርስ»ን ያዕቆብ ፍሪክሴሊየስ የተባለ ስዊድናዊ ደርሶት በ2016 እ.ኤ.አ. ታተመ፤ ስሙ ማርስን ለሰው መኖሪያ ማድረግ ማለት ነው። ጨዋታው የሚያበቃው የማርስ ሙቀት ከዜሮ በታች 30 ተነሥቶ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ፣ ኦክስጅኑ 14 በመቶ ሲሆንና ዘጠኙ ውቅያኖሶች በሰሌዳው ላይ ሲቀመጡ ነው። በምድር አየር ውስጥ ያለው 21 በመቶ ያህል ስለሆነ 14ቱ ማነሱ አስገርሞኝ ነበር። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ እንደሚሳሳ አስታውሼ እርሳስ ይዤ ሳሰላው ግን፣ በባሕር ጠለል ግፊት 14 በመቶ ኦክስጅን ማለት 3,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የቆመ ሰው ከሚተነፍሰው ጋር የሚቀራረብ ሆኖ አገኘሁት። እንግዲህ ይህ ሁሉ ድካም ማርስን የሚያደርሳት ጣርማ በር ነው! ይህን ለጎረቤታችን ሽማግሌ ብነግራቸው «ታዲያ ገብስ ይበቅልበታላ» አሉኝና ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጨዋታው አልጠፉም።

እርሳቸው እንግሊዝኛ ስለማያነቡ ከ200 የሚበልጡትን ካርዶች በአማርኛ እየጻፍኩ በቀጭን ወረቀት እለጥፍባቸዋለሁ፤ ገና እኩሌታው ቀርቶኛል። የተጫዋቾቹ ሰሌዳ ደግሞ ስስና ልሙጥ ወረቀት ስለሆነ ጠጠሮቹ ይንሸራተታሉ። የጋቢዬ ጫፍ አንድ ምሽት የሦስት ሰዓት ልፋት ጠራርጎ ስለወሰደው፣ ጠጠሮቹ የሚገቡበት ጎድጓዳ ያለው ሰሌዳ ከጥድ እንዲሠራልኝ ለአናጢ ሰጥቻለሁ። ሽማግሌውም በብርዱ ወራት ሌላ መዋያ የላቸውም። ሳጥኑን የማልክልሽ ስለዚህ ነው፤ ለትንሣኤ ስትመጪ ግን አራተኛ ተጫዋች ያስፈልገናል።

መጻሕፍቱን ለሹፌሩ በአደራ ሰጥቼዋለሁ። የሁለተኛው መጽሐፍ ሽፋን ስለተገነጠለ ቀስ ብለሽ ግለጪው። በከረጢቱ ውስጥ ሦስት ዳይስ ታገኛለሽ፤ ሁለቱ የጨዋታው ናቸው፣ ሦስተኛውን አንዱ ቢጠፋ ብዬ ከወንድምሽ ሉዶ ላይ ወስጄዋለሁና እንዳይሰማ።

አባትሽ