የሕግ ክበብ ዘገባ፦ «ደንቡ ላይ የት አለ?»

ዘንድሮ ክበባችን ሐሙስ ሐሙስ ከክላስ በኋላ እየተገናኘ ስለ ሕገ መንግስትና ፍርድ ቤት መንግስትን እንዴት እንደሚቆጣጠር ሲከራከር ነው የከረመው። መጀመሪያ ላይ ልጆቹ ክርክራቸው ሁሉ መንግስት ያረገው ነገር ጥሩ ነው መጥፎ ነው የሚል ነበር፣ ዳኛ ግን ከዛ በፊት የሚጠይቀው ሌላ ነገር አለ፣ ይሄን ለማድረግ ስልጣኑን ከየት አመጣኸው?

ይሄ የገባቸው በኤንቲክ ኬዝ ነው። እ.ኤ.አ በ1762 እንግሊዝ ውስጥ የንጉሱ መልእክተኞች የሚኒስትር ማዘዣ ይዘው ጆን ኤንቲክ የሚባል ጸሐፊ ቤት ሰብረው ገቡ፣ አራት ሰአት ሙሉ ሲበረብሩ ቆይተው ወረቀቱን ይዘውበት ሄዱ፣ እሱም ከሰሳቸው። በ1765 ሎርድ ካምደን የፈረደው እንዲህ አይነት ስልጣን የሚሰጥ ሕግ ቢኖር ኖሮ የሕግ መጽሐፎቻችን ላይ እናገኘው ነበር፣ ስለሌለ ሕግ አይደለም ብሎ ነው። ክፍሉ ጸጥ አለ።

የአሜሪካኑን የማርበሪን ኬዝ (1803) በድራማ ሰራነው፣ እሱ ትንሽ ይከብዳል። ማርበሪ ተሹሞ የሹመት ደብዳቤው ስላልተሰጠው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ የከሰሰ ሰው ነው። ዳኛ ማርሻል ሹመቱ ይገባሃል አለው፣ ግን ፍርድ ቤቱ በቀጥታ እንዲያዝልህ የሚፈቅደው አዋጅ ራሱ ከሕገ መንግስቱ ጋር ይጋጫል ብሎ ሳያዝለት ቀረ። አንዷ ልጅ «ታዲያ ፍርድ ቤቱ ተሸነፈ?» አለች። አልተሸነፈም፣ ትንሿን ስልጣን አልፈልግም ብሎ ሕግን የመሻር ትልቁን ስልጣን ያጸናው በዛው ፍርድ ነው።

ከሁሉም የማልረሳው ግን የራሳችን ኬዝ ነው። ሰብሳቢያችን ሶስት ጊዜ የቀረን አንድ የአስረኛ ክፍል ልጅ ከክበቡ አሰናበተው፣ እኔም ተስማማሁ። ልጁ ግማሽ ገጽ ማመልከቻ ጽፎ መጣ፣ ዋናው ጥያቄው «ደንቡ ላይ የት አለ?» የሚል ነው። ብናገላብጠው የለም፣ ሰብሳቢው ስብሰባ ይመራል ይላል እንጂ ያባርራል አይልም። ሶስት ልጆች ዳኛ ሆነው ተቀመጡ፣ እኔም ለሰብሳቢው ቆሜ ተከራከርኩ፣ እነሱ ግን ስልጣን የላችሁም፣ ደግሞም ልጁን ሳትሰሙት ነው የወሰናችሁት ብለው ሻሩት። ልክ ነበሩ፣ በጣም ነው የኮራሁባቸው።

በሳምንቱ ሰብሳቢው ራሱ ደንቡ ላይ አዲስ አንቀጽ እንዲጨመር ሐሳብ አቀረበ፣ ማንም ከመሰናበቱ በፊት በጽሁፍ ይነገረው፣ መልሱም ይሰማ የሚል። በድምጽ ብልጫ አለፈ። የተመለሰው ልጅ ግን ተቃወመ፣ ይግባኙን ማን እንደሚያይ አልተጻፈም ብሎ።