የሚጎትተውን ብቻ ሳይሆን የሚሸከመውንም እዩ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ዴንቨር አካባቢ መኪና በተጎታች እያመላለሱ መሥራት ለሚያስቡ ወገኖቼ አንድ ነገር ልበል። ሻጩ «ይሄ ፎርድ ኤፍ-150 ፒክአፕ 10 ሺህ ፓውንድ ይጎትታል» ቢላችሁ እውነቱን ሊሆን ይችላል። ግን እዚያው የሾፌሩን በር ክፈቱ። ነጭና ቢጫ ወረቀት ተለጥፏል። ሰውና ዕቃ ተደምሮ ከስንት ፓውንድ መብለጥ እንደሌለበት ይነግራችኋል።

10 ሺህ ፓውንድ የሚመዝን ተጎታች ከ1,000 እስከ 1,500 ፓውንዱን ፒክአፑ ላይ ይጥላል፤ ይህም ወረቀቱ ላይ ካለው ገደብ ይቆጠራል። ሁለት ሰው፣ ሰንሰለትና መፍቻ ሲጨመር እንደ ኤፍ-150 ያለው «ግማሽ ቶን» የሚባለው ፒክአፕ ብዙው ገደቡ አበቃለት። ከፍ ያለው የፎርድ ፒክአፕ፣ የኤፍ-250 ሻሲ፣ የኋላ አክስልና ፍሬን ለዚህ የተሠሩ ናቸው። በአይ-70 አውራ ጎዳና ከአይዘንሃወር ዋሻ ወጥታችሁ ወደ ሲልቨርቶርን ስትወርዱ ልዩነቱ ይገባችኋል። እዚያ ቁልቁለት ላይ የተቃጠለ ፍሬን ይሸታል።

እኔ በበኩሌ በደንብ የተያዘ አሮጌ ኤፍ-250 ከአዲስ ኤፍ-150 ይሻላል ባይ ነኝ።

አንባቢያችሁ፣ ከአውሮራ፣ ኮሎራዶ