አገልግል የሚሸከም ሰው ይፈለጋል

ሁዳዴ ከገባ ወዲህ በጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ደጅ ዳቦና ንፍሮ ይዞ የሚቆም ሰው አልጠፋም። ነዳያኑ ተሰልፈው ይቀበላሉ፣ ይመርቃሉ፣ ሰጪውም ልቡ ቅልል ብሎት ይሄዳል። መልካም ነው። ነገር ግን ከደጁ የሚደርሰው ዳገት መውጣት የቻለው ብቻ ነው። የአርባ አራቱ ታቦት ከተማ ደግሞ ዳገትና ቁልቁለት ናት። ከአንገረብ ወይም ከቀሃ ወንዝ ሽቅብ ሲወጣ ጎረምሳውም መንገድ ላይ ቆሞ ይተነፍሳል።

የፊታችን እሑድ መጻጉዕ ነው። 38 ዓመት በአልጋ የኖረው ሰው «ልትድን ትወዳለህን?» ተብሎ ሲጠየቅ እወዳለሁ አላለም፤ ሰው የለኝም ነው ያለው። የሚፈውሰው ውኃ እዚያው ነበር። የታጣው ተሸክሞ የሚያወርደው ነው።

እኛ የአንድ ሰንበቴ ማኅበርተኞች ባለፈው ዓመት ከቤት ለማይወጡ አረጋውያን የጾም ምግብ ማድረስ ጀምረን ነበር። ከመካከላቸው አንዲት እናት አሉ፤ በደኅናው ዘመን ተራቸው ሲደርስ ሰንበቴውን አጥግበው የሚሸኙ ነበሩ። ዛሬ ጎረቤት ሲጠይቃቸው «በልቻለሁ» ይላሉ። ይሉኝታ ነው። አንድ ቀን ሳናስበው ስንገባ ደረቅ ዳቦ በውኃ እያራሱ አገኘናቸው፤ ጥርስ የላቸውም። ከዚያ ወዲህ የሱፍ ፍትፍት ሆነላቸው። ንስሐ አባታቸው ቢፈቅዱላቸውም በአዘቦት ቀን ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አይቀምሱም። እንግዲህ አሥራ አንድ ሰዓት የደረሰ ሽሮ ለእሳቸው የሁለት ሰዓት ተጨማሪ ጾም ነው።

እውነቱን ለመናገር ያሰናከለን እህል አይደለም። ደብረ ዘይት ካለፈ በኋላ ተሸካሚው ተመናመነ፤ ሁለት ቀን ወጡ ማድቤት አደረ። ሳይመጡ ከቀሩት አንዱ እኔ ነበርኩ። ሰበቤ ፀሐይ ነበር።

ዘንድሮ እስከ ፋሲካ ዋዜማ ሳናቋርጥ ለመዝለቅ እንፈልጋለን። ጤፉ ነጭ ካልሆነ አንልም፤ ሰርገኛው ይበቃል። ምስር፣ ሽሮ፣ ሱፍ፣ ተልባ፣ ዘይትና ከሰል እንቀበላለን። ገንዘብም እንዲሁ፤ 55 ቀን የሚጾም ሰው የተወው ቁርስና ሥጋ ዋጋ አለው። አንዳንዶቻችን ቤት ያ ዋጋ ዞሮ ለጾም ኬክና ለጾም ማኪያቶ እንደሚውል ስለማውቅ ነው የማነሣው፤ ራሴንም ጨምሬ ነው። ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 ድሆችን ወደ ቤትህ አግባ ይላል። የእኛዎቹ መምጣት ስለማይችሉ እኛ እንሄዳለን።

ለሚሰጠን ሁሉ ደረሰኝ እንቆርጣለን፤ የገቢና የወጪው መዝገብ ሰንበቴ ቤቱ ውስጥ ለጠየቀ ሁሉ ክፍት ነው። የሰጪ ስም በድምፅ ማጉያ አይጠራም፣ ተቀባዮቹም ፎቶ አይነሡም። በዚህ የሚከፋ ካለ ይቅር ይበለን።

ከሁሉ በላይ ግን እግር ቸግሮናል። ለአንድ ሰው አንድ ቤት፣ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ እንሰጣለን። ተሸካሚዎች ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ሰንበቴ ቤቱ በር ላይ እንገናኛለን። አገልግል ያለው ይዞ ይምጣ፤ ጠፍሩ የተበጠሰም ቢሆን የሚሰፋ ሰው አለን። ባለፈው የበዓል ቅቤ የሸተተውን ግን በደንብ አጥባችሁ፣ አደራ።