«አካል ጉዳተኛ አለ?» ስንል «የለም» አሉን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ሰሞኑን ስለ አካል ጉዳተኞች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። መግቢያው ላይ ከኢትዮጵያ ሕዝብ 17.6 በመቶው አካል ጉዳተኛ ነው ይላል። ወረድ ብሎ ደግሞ በሕዝብ ቆጠራ የተገኘው 1 በመቶ ገደማ ነው ይላል። ጸሐፊው ሁለቱን ቁጥሮች አስቀምጦ ምንም ሳይል ወደ ሌላ ጉዳይ ተሻገረ። እኔ ግን መሻገር አቃተኝ። ያንን 1 በመቶ ካመጡት ሰዎች አንዱ ነኛ!

በግንቦት 1999 ዓ.ም. ቆጣሪ ነበርኩ። ያኔ አስተምር ነበር። የደረሰኝ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በሚወስደው መስመር፣ ጣና ዳር ያለ የገጠር ቀበሌ ነው።

የቅጹን ቃል እንዳለ አላስታውሰውም። እኛ አሳጥረን «ቤት ውስጥ አካል ጉዳተኛ አለ?» ነበር የምንለው። መልሱም አጭር ነው። «የለም፣ እግዜር ይመስገን።»

አንድ ቤት አይረሳኝም። ደጃፉ ላይ ጌሾ ተሰጥቷል። አንዲት እናት መደብ ላይ ተቀምጠዋል። የልጅ ልጃቸው ፊታቸው ተንበርክካ በወረንጦ የዓይናቸውን ፀጉር ትነቅላለች። ወደ ውስጥ የተቀለበሰ ፀጉር ነው፤ ብሌኑን እየፋቀ የሚያሳውር፣ ትራኮማ የሚባለው የዓይን በሽታ መጨረሻ። እንግዳ መሆኔን በድምፄ ነው የለዩት። ጥያቄዬን ጠየቅኩ። «ኧረ የለም ልጄ፣ ሁላችንም ደህና ነን» አሉ። «የለም» ብዬ ጻፍኩ። ቡና ጠጥቼም ሄድኩ።

ሌላ ቤት አንድ የ15 ዓመት ልጅ ነበር። አይሰማም፣ አይናገርም። አባትየው ጥያቄው አናደዳቸው። «ታንኳ ሲቀዝፍ ማን ይደርስበታል? ምን ጎደለው?» አሉኝ። ብዙ ጊዜ ሰው አካል ጉዳተኛ ልጁን የሚደብቀው በሐፍረት ነው ይባላል። ያም አለ። እኚህ ሰው ግን በልጃቸው ኮርተው ነው ያስቀሩት። አሁንም «የለም» ተጻፈ።

ወደ ቁጥሩ ልመለስ። የ1987ቱ ቆጠራ ወደ 53 ሚሊዮን ሕዝብ ቆጥሮ ከ990 ሺህ በላይ አካል ጉዳተኛ አገኘ፤ 1.9 በመቶ ገደማ። በ1999 ሕዝቡ ከ73 ሚሊዮን ሲያልፍ አካል ጉዳተኛው ከ900 ሺህ በታች ወረደ። በ12 ዓመት ውስጥ ማን እንደፈወሰን እንጃ።

ይህ ካልበቃ ሌላ ላክል። ከ1999ኙ ቆጠራ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ አገር አቀፍ የዓይን ጥናት ተካሂዶ ነበር። ባለሙያዎች ቤት ለቤት ሄደው ከ25 ሺህ በላይ ሰው መረመሩ። ዓይነ ስውር ሆኖ የተገኘው ብቻ 1.6 በመቶ ነው። ማየት የሚቸገረው ደግሞ ሌላ 3.7 በመቶ። በእኛ በአማራ ክልል ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ካሉ ሕፃናት 62.6 በመቶው ላይ ትራኮማ ተገኘ። እንግዲህ አስቡት፤ ዓይነ ስውሩ ብቻውን እኔና ጓደኞቼ ከቆጠርነው አካል ጉዳተኛ ሁሉ በለጠ! እነሱ ዓይን ለኩ፤ እኛ ሰዉ ራሱን በምን ስም እንደሚጠራ ጠየቅን። «አካል» ሲባል ደግሞ ለገበሬው እጅና እግር ነው።

17.6ቱስ? እሱም ከሰማይ አልወረደም። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ሪፖርት ላይ ያለ ነው። ምንጩ እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2004 የተካሄደ የጤና ዳሰሳ ነው። ዳሰሳው የጠየቀው 18 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑትን ብቻ ነው። በኋላ ግን ሰው መቶኛውን አንስቶ በጠቅላላው ሕዝብ አባዛውና «15 ሚሊዮን» ወጣ። ሕፃናት በሞሉባት አገር የአዋቂውን መቶኛ ለሁሉም ማልበስ የአባትን ኮት ለልጅ እንደማልበስ ነው። ቢሆንም ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ ይወደዳል። ስብሰባ ላይ የተሰቀለ ባነር ሁሉ እሱን ነው የሚጽፈው።

እኔ ሻል ያለ የማምነው ሦስተኛውን ነው። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የማኅበራዊና ኢኮኖሚ ዳሰሳ «አካል ጉዳተኛ ነህ?» የሚል ቃል የለም። ማየት፣ መስማት፣ መራመድ፣ ማስታወስ፣ ራስን መንከባከብ፣ ከሰው ጋር መግባባት ይቸግርሃል ወይ ነው የሚለው። መልሱ አራት ነው፦ አይቸግረኝም፣ ትንሽ ይቸግረኛል፣ በጣም ይቸግረኛል፣ ጨርሶ አልችልም። ዩኒሴፍ ከዚያ ተነስቶ ባወጣው ጽሑፍ በሆነ ደረጃ የሚቸገረው 9.3 በመቶ፣ ችግሩ የከፋበት 2.2 በመቶ ነው ይላል። ከአንድ ዳሰሳ ሁለት ቁጥር! መስመሩን የት እንዳሰመራችሁ ካልነገራችሁን ሁለቱም ያሳስታሉ። ጥያቄዎቹም ፍጹም አይደሉም፤ የአእምሮ ሕመም ያለበት ብዙ ሰው ያመልጣቸዋል፤ ለልጆች የተዘጋጀው መጠይቅ ሌላ ነው።

ደግሞም ዳሰሳ ናሙና ነው። ስለ አገር ይነግረኛል፤ ስለዚያ ጣና ዳር ቀበሌ ግን አይነግረኝም። መስማት የተሳናቸው ልጆች ስንት እንደሆኑ ሳይታወቅ የምልክት ቋንቋ የሚችል መምህር የት ይመደብ? ለዚህ ቆጠራ ነው የሚያስፈልገው። በ2010 መካሄድ የነበረበት አራተኛው ቆጠራ ተራዘመ፣ ደግሞም ተራዘመ። ሲመጣ ስድስቱን ጥያቄዎች ይዞ ይምጣ። ለቆጣሪውም ጊዜ ይሰጠው። እኔ ማታ ላይ ሲደክመኝ ጥያቄውን ራሴ «መቼም አካል ጉዳተኛ የለም አይደል?» እያልኩ እጠይቅ ነበር። እንዲህ ተብሎ ማን «አለ» ይላል?

ባለፈው እሑድ እናቴን ሞከርኳት። 80 ልትደፍን ነው።

«እማዬ፣ አካል ጉዳተኛ ነሽ?»

«ምን ያለው ነው! እጅ እግሬ ሙሉ አይደል?»

«እሺ፣ መነጽርሽን አድርገሽም ማየት ይቸግርሻል?»

«እንዴታ! ምስር ስለቅም ጠጠሩን ትቼ ምስሩን ነው የምጥለው።»

«መራመድስ?»

«ጊዮርጊስ በእግሬ መሳም ከተውኩ ስንት ጊዜዬ! ባጃጅ ካልመጣ እቀራለሁ።»

ሁለቱም ላይ «በጣም ይቸግረኛል» ብዬ ምልክት አደረግኩ። በ1999 ብጠይቃት የለችም ነበር። በአዲሱ ጥያቄ አለች።

እናንተም ከእንግዲህ መቶኛ ስትጽፉ ማን፣ መቼ፣ ምን ብሎ ጠይቆ እንዳገኘው አብራችሁ ጻፉልን። አንድ መስመር ነው፤ ቦታ አይፈጅም።

እናቴ ግን ወረቀቱን ሳጥፈው አይታ «አሁን ቆጠርከኝ፤ ምን ሊሰጡኝ ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። የሚመለከተው ካለ በጋዜጣችሁ ይመልስላት።

ጡረተኛ መምህር
ከባሕር ዳር፣ ሽምብጥ